ሽቅብ ብቻ የምታጥበው ማሽን

አጎቴ ፎቅ ሠሩ። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ አራት ፎቅ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግና የበግ ጠጉር ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መስታወቱን የመረጡት እሳቸው ሳይሆኑ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ነው። «ሰማዩን ያሳይልዎታል» አላቸው። ለሰማይ ክብር ያላቸው ሰው ስለሆኑ እሺ አሉ።

ችግሩ የፎቁ ውስጥ ከውጩ በጣም ዘግይቶ ማለቁ ነው። ደረጃው፣ በሩ፣ ቧንቧው እየተባለ ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መንገዱ አቧራውን ወደ ላይ ላከ፤ ግንበኛው ሲሚንቶውን ረጨ፤ እርግቦቹ መስኮቱ ክፈፍ ላይ ሰፍረው ኩሳቸውን ወደ ታች ለቀቁ። የመንዝ ጉም ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ሁሉንም አንድ ላይ አቡክቶ አጣበቀው። መጨረሻ ላይ መስታወቱ ሰማይ ማሳየቱን ትቶ ጥላሸት የጠጣ ድስት መሰለ።

አንድ ቀን ለለቅሶ ከደብረ ብርሃን የመጣ ዘመዳችን ፎቁ ሥር ቆመና አንጋጦ አየ። ክፋት የሌለበት ሰው ነው። «ጎበዝ! ግሩም ቤት ነው። ጭቃ ያስመረጉት ግን ለብርዱ ነው?» አላቸው።

አጎቴ ያን ሳምንት ከቤት አልወጡም። የወጡ ቀን በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

እኔ ከከተማው መውጫ ላይ ላቫጆ አለኝ። መኪና አጥባለሁ። ሚኒባስ፣ የጭነት መኪና፣ በገበያ ቀን ደግሞ ባጃጅ። ባሌ ማሽኑን ይጠግናል፣ እኔ አጥባለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ሰው ሥራውን የተለዋወጥን መስሎት ይስቅ ነበር፣ አሁን ለምዶታል። አጎቴ የመጡ ዕለት የአንድ ጭነት መኪና ጣሪያ እያጠብኩ ነበር። ብዙ ቆመው አዩኝ።

«ይሄ ውሃ ከፍ ይላል?» አሉ።

«እስከ መኪናው ጣሪያ ይደርሳል ጋሼ።»

«ከዚያ በላይስ?»

«ከዚያ በላይ የሚረዝም መኪና መጥቶብኝ አያውቅም።»

«እኔ አለኝ» አሉና በከዘራቸው ወደ ከተማው መሐል አመለከቱ።

በማግሥቱ ማሽኔን በጋሪ ጭነን ፎቁ ሥር አቆምነው። የውሃ መርጫውን እጀታ እኛ ላቫጆ ቤት ጠመንጃ ነው የምንለው፤ ምላጭ አለው፣ አፈሙዝ አለው፣ ሌላ ስምም አልመጣልንም። ጠመንጃውን ወደ ላይ ደግኜ ምላጩን ሳብኩ። ምድር ቤቱ ጠራ። አንደኛው ፎቅ ግማሽ ጠራ። ከዚያ በላይ ግን ውሃው ጉልበቱ እያለቀ እንደ ካፊያ ሆነ። ካፊያው የላዩን አቧራ አርሶ ጭቃ አደረገው፤ ጭቃው ደግሞ ቀስ ብሎ እየወረደ ያጠብነው ላይ ተኛ። ከሰዓት በኋላ ፎቁ ከጠዋቱ ብሶ ቆሸሸ። አሁን በእውነትም የተመረገ መሰለ።

አጎቴ ያን ዕለት ሰው ሰበሰቡ። ሰው ስል እኔን፣ ባሌን፣ ሚስታቸውን እትዬንና የንስሐ አባታቸውን አባን ነው። ጠላ ተቀዳ፤ ቆሎ ቀረበ፤ ከዚያ አጎቴ እንደ ሽምግልና ጉዳይ አድርገው፣ «እንግዲህ ላዩ ቆሽሿል፤ እኛ ታች ነን። ምን ይበጃል?» አሉ።

ባሌ፣ «ሁለት መሰላል በገመድ እንቀጥል» አለ።

«ማን ይወጣል?»

ባሌ ቆሎውን ማየት ጀመረ።

እትዬ የግንበኞቹን የባሕር ዛፍ ርብራብ እንደገና ማቆም ነው አሉ። አጎቴ ግን እንጨቱን ፎቁ እንዳለቀ ሸጠውታል፤ አሁን የሰው አጥር ሆኗል። አባም በተራቸው፣ «ገመድ ነው የሚሻለው። የደብራችን ጉልላት ሲቀባ ሠዓሊው ወገቡን ታስሮ ነው የተንጠለጠለው» አሉ።

«ሰው ሰቅዬ ፎቅ አላስመርቅም!» አሉ አጎቴ።

እኔ የመብራት ሠራተኞች ቅርጫት ያላት መኪና እንደምትመጣ አስታወስኩ። አጎቴ ቀድመው ጠይቀዋል። መኪናዋ የምትመጣው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ተብለዋል።

«እንዲጠፋ እንጸልይ?» አለ ባሌ።

«እሱ ሳይጸለይም ይጠፋል» አሉ አባ።

በመጨረሻ ለከፍታ የተሠራ ማሽን እንዲገዛ ተወሰነ። ማሽን የማውቅ እኔ ነኝ ተባለና ከአጎቴ ጋር ደብረ ብርሃን ወረድን።

የሱቁ ባለቤት ትሕትና ያለው ሰው ነበር። ሁለት ዓይነት አሳየን። አንዷ ትልቅ፣ ከምድር ሆና በጉልበቷ የምትተኩስ። ሌላዋ መካከለኛ፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ግን እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ ያላት። «ከፍታን በጉልበት አያሸንፉትም አባቴ» አላቸው። «ውሃ ከአፈሙዙ እንደወጣ ነው ኃይሉ፤ ትንሽ ከሄደ ይደክማል። ስለዚህ አፈሙዙን ወደ ቆሻሻው ማቅረብ ነው። መስታወት ላይ ደግሞ ኃይለኛው አይሆንም፣ ይሰብራል።»

አጎቴ አልሰሙትም፤ ማሽኖቹን እየመረመሩ ነበር። በግ እንደሚገዙት ነው የመረመሩት። ጎንበስ ብለው የጀርባዋን ሥጋ እንደሚዳብሱ ሁሉ ሞተሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከፊት ከፍ አድርገው ክብደቷን አዩ። የውሃ መግቢያዋን ከፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ ጥርሷን እየቆጠሩ እንደሆነ ገባኝ።

«የቆላ ናት የደጋ?» ብለው ጠየቁት።

ሰውዬው ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ አየሁ።

«ደጋ… ትለምዳለች አባቴ።»

«ስትመጣ ታሳላለች ማለት ነው» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

እኔ መካከለኛዋን መርጬ ነበር፣ ግን እሳቸው ዓይናቸው ትልቋ ላይ ነው። ሰውዬው ዘንጉን ባያሳያቸው ኖሮ ትልቋን ይዘን እንመለስ ነበር። ዘንጉን መሳብ ጀመረ። አንድ ክንድ ወጣ፤ ሌላ ክንድ ወጣ፤ ከሱቁ በር ወጣ፤ የእግረኛውን መንገድ ተሻገረ።

«ሌላም አላት?» አሉ አጎቴ።

«አላት፣ ግን መንገድ ሊዘጋ ነው።»

«ይዘጋ!»

ዘንጉ መንገዱን አቋርጦ ማዶ ያለ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ደረሰ። ባጃጆች ቆሙ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ፊቱ የመጣውን አፈሙዝ አየና ወንበሩን ወደ ጎን አደረገ። አጎቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባለሱቁ ግን ነገሩን ሳይናገር ማለፍ አልፈለገም፤ «አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በረዘመ ቁጥር ያዡን ወደ ኋላ ትገፋለች። በትከሻ ቀበቶ ነው የምትያዘው» አለ።

«ትራገጣለች?»

«ትገፋለች አባቴ።»

«የማትራገጥ ነገር ከብት አይደለም» አሉ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። እኔ ሰፊውን አፈሙዝና ቀበቶውን አስጨመርኩ፤ ወጣን።

ስንመለስ ዘንጉ ተሰብስቦም ረጅም ስለሆነ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ማሽኗ መሐል መተላለፊያው ላይ ተቀመጠች። ጠመንጃውን እኔ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግኩት። አፈሙዞቹ ትንንሽ ስለሆኑ እንዳይጠፉ አጎቴ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከጎናችን ቢጫ ጀሪካን ያቀፉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ከሩቅ ገዳም ለወገባቸው ጠበል ቀድተው ነው የሚመለሱት። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። አጎቴ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ «ምን የያዛችሁት ነገር አለ?» አለ። የሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ሁሉም ሰው ምንም የለም ሊል ነው። አጎቴ ግን በዚያች ቅጽበት ነቁ። ሐቀኛ ነጋዴ ናቸው።

«እኛ የያዝነው አንድ ጠመንጃ ነው። ከልጅቷ ጋር ነው። አፈሙዙ እኔ ኪስ ውስጥ ነው» አሉ።

ተሳፋሪው ሁሉ ከእኔ ሸሸት አለ።

«ረጅሙስ?» አለ ጠባቂው ድምፁ ተቀይሮ፣ ወደ ጣሪያው እያየ።

«እሱ ዘንጉ ነው። ሲዘረጋ አራተኛ ፎቅ ይመታል።»

ሁላችንም ወረድን። ነጠላዬን ፈትቼ አሳየሁ። ጠባቂው አገላብጦ አየው፤ አለቃው መጣና እሱም አገላብጦ አየው። እየማልኩ እየተገዘትኩ መኪና አጣቢ መሆኔን፣ ይህም የውሃ መሆኑን አስረዳሁ።

«እንግዲያው ተኩሺና እንይ» አለ አለቃው።

ቤንዚን ነበረን። ማሽኗ አዲስ ናት። ውሃ ግን የለም። ወንዙ ታች ገደል ውስጥ ነው። የሁሉም ሰው ዓይን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቦታ ዞረ፤ ወደ ቢጫው ጀሪካን።

«ምን?» አሉ እናት፣ ጀሪካኑን እያጠበቁ። «ጠበሌን በጠመንጃ?»

ሾፌሩ ለመናቸው። ተሳፋሪው ለመናቸው። አጎቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው እጅ ነሷቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መሽቶብን እዚያው ልንቀር ነው። እናት ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ።

«ጠበል መሬት ላይ አይደፋም። የሚተኮስ ከሆነ ሰው ላይ ይተኮስ።»

መቼም ይህን ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነው። ተሳፋሪው ጫማውን አወለቀ። ጋቢና ነጠላውን ሚኒባሱ ውስጥ አስቀመጠ። መንገድ ዳር ተሰለፈ። አለቃው ኮፍያውን አነሳና የራሱን እውነተኛ ጠመንጃ ለባልደረባው ሰጥቶ ከሰልፉ ፊት ቆመ፤ ለምርመራው ሲል ነው ብሏል፣ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የማሽኗን ጉልበት እስከ መጨረሻው ቀነስኩ፤ ሰፊውን አፈሙዝ ከአጎቴ ኪስ ተቀብዬ ገጠምኩ። የማሽኗን መምጠጫ ጀሪካኑ ውስጥ ከተትኩ። በሕይወቴ ስንት መኪና አጥቤአለሁ፣ ክርስቲያን አጥቤ ግን አላውቅም።

«በስመ አብ በይ» አሉኝ እናት።

በስመ አብ ብዬ ምላጩን ሳብኩ።

ሰው ጮኸ። ከብርዱ ይሁን ከመንፈሱ መለየት አይቻልም። ከሰልፉ መሐል አንድ መንገዱን ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ የመጣ ወፍራም ሰውዬ በድንገት እጁን ዘርግቶ፣ «እወጣለሁ! እወጣለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። «ልቀቅ! ልቀቅ! ማንን ይዘህ ነው?» ብሎ ሾፌሩ በአንገቱ መስቀል ገሠጸው። እኔም ጠበሉ እሱ ላይ እንዲበረታ አፈሙዙን ወደ እሱ መለስኩ። «እወጣለሁ አልኩ እኮ!» አለ ሰውዬው፤ እልልታው ባሰ። ኋላ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ሆኖ ጥርሱ እየተንገጫገጨ እንደነገረኝ ከሰልፉ እወጣለሁ ማለቱ ነበር።

ጀሪካኑ አለቀ። አለቃው ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«እለፉ» አለ። «ግን ሁለተኛ ጠመንጃ እንዳትሉት።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መሐል ሜዳ ገባ። ማሽኗን ከሚኒባስ ስናወርድ የሚሳለማት ሰው ሁሉ ነበር። አጎቴ በደስታ እየፈነደቁ ነገ ሥራ ይጀመር ሲሉ አባ መጡ። ፊታቸው የተለመደው ፊት አይደለም።

«ጠበል አልፎባታል አሉ» አሉ።

«አዎ አባ፣ ተባርካለች» አሉ አጎቴ።

«ታዲያ በተባረከ ዕቃ የወፍ ኩስ ልታጥቡበት ነው?»

ይህን ማንም አላሰበውም። አጎቴ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቀሩ። አባ ራሳቸውም ተጨንቀዋል፤ መልሱን አያውቁትም። አስበው፣ ከሌሎቹ ካህናት ጋር ተነጋግረው እንደሚመጡ ነግረውን ሄዱ። ማሽኗ እስከዚያ ነጠላ ለብሳ እትዬ ጓዳ ውስጥ ሰነበተች። የላቫጆ ደንበኞቼ ደግሞ መኪናቸው በተባረከችው እንዲታጠብ ይለምኑኝ ጀመር፤ አንዱ ሾፌር ፍሬኑ አስቸግሮታልና ፍሬኑ ላይ ብቻ ጠብ እንዳደርግለት ጠየቀኝ።

አባ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ወደ ላይ ታጥብ» አሉ። «ሽቅብ የሚሄድ ውሃ እንደ ምስጋና ነው። ወደ ታች ግን አታጥብ። ጎማ፣ ጭቃ፣ የመኪና ሆድ ዕቃ አይነካባት። ከሰው ራስ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ይፈቀዳል።»

«ኩሱስ አባ?» አልኩ።

«የእርግብ ከሆነ ግድ የለም። እርግብ የዋህ ናት፤ መንፈስ ቅዱስም በርግብ አምሳል ወርዷል። የቁራ ከሆነ ግን…» ብለው አማተቡ።

ባሌ ተላከ። ፎቁ ሥር ግማሽ ቀን አንጋጦ ቆሞ የትኛው ወፍ የት እንደሚያርፍ ሲያይ ዋለ። ማታ አንገቱን እንደያዘ መጣና፣ «ሁሉም የእርግብ ነው» አለ። አንድ ቁራ አይቶ እንደነበር ለእኔ ብቻ ነገረኝ፤ ግን አላረፈም፣ አለፈ እንጂ።

የእጥበቱ ዕለት ጠዋት ውርጭ ጥሎ ነበር። ማታ ውጭ ያደረው የውሃ ጎማ ውስጡ በረዶ ሆኖ እንደ ዱላ ደርቋል። አልታጠፍ አለ። ፀሐይ እስክትወጣ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጎማውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ባና ደርበው አሞቁት፤ እንደ አንድ ረጅም የታመመ ዘመድ። ማሽኗም ስትነሳ ሳለች። አጎቴ፣ «አላልኩሽም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደጋው ከብዷታል፣ ግን ሞቅ ሲላት ለመደች።

ታችኞቹን ፎቆች በቀላሉ ጨረስን። ሦስተኛው ላይ ባሌ ቀበቶውን በትከሻው አድርጎ ዘንጉን አረዘመ፤ እኔ ከታች ምላጩን ሳብኩ። ውሃው ወደ ላይ ሄደ፤ ባሌ ወደ ኋላ ሄደ። ፊቱ ወደ ፎቁ እንደዞረ፣ እየተንደረደረ፣ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ያለ እህል ቤት ገባና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የእህል ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ፣ «ምን ልስጥህ?» አለችው።

ሁለት ጎረምሶች ከኋላው እንዲይዙት አደረግን። ሦስቱም አብረው ሄዱ። ከዚያ ነፋሱ ተነሳ። የእኛን አገር ነፋስ የማያውቅ ሰው ውሃ ሲወረወር ወደተወረወረበት የሚሄድ ይመስለዋል። ውሃው ሦስተኛው ፎቅ አጠገብ ደርሶ ተመለሰና ከማኅበር የሚወጡ አዛውንቶች ላይ ወረደ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሮጥ እነሱ ቆመው ፊታቸውን አማትበዋል። «አባ ወደ ላይ ብቻ ብለዋል፤ ከላይ ከመጣ ግን ያው ጠበል ነው» አለኝ አንደኛው። ከዚያ በኋላ ሆን ብለው ከነፋሱ በታች የሚቆሙ ሰዎች በዙ። ሕመምተኛ በቃሬዛ የመጣ ሁሉ ነበር። ከመስታወቱ ይልቅ ብዙ ሰው አጠብን።

አራተኛው ፎቅ ላይ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ጫፉ እንደ ሸምበቆ ተወዛወዘ፤ እኛ ያልነውን ትቶ ራሱ የፈለገውን ማጠብ ያዘ። መስታወቱ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ተሣለ። ከታች የቆመው ሰው መስመሩን ሊያነብ ሞከረ። አንዱ «ሐ» ነው አለ፣ ሌላው «ጸ» ነው አለ፤ ጭቅጭቅ ተነሳ። ባሌ ደከመው።

አጎቴ እስካሁን ወንበር ላይ ነበሩ። ተነሡ። በርኖሳቸውን አውልቀው ለእትዬ ሰጡ።

«በግ ስታርድ እግሩን አትይዝም፤ ትቀመጥበታለህ» አሉ።

የዘንጉ ቂጥ በገብስ ጆንያ ውስጥ ተቀበረ፤ ጆንያው ከእህል ቤቱ ግድግዳ ጋር ተደገፈ፤ አጎቴ ደግሞ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ባሌ ዘንጉን ማቅናት ብቻ ቀረው። ምላጩን ሳብኩ። ጆንያው ዘለለ፣ አጎቴም ዘለሉ፣ ግን ሁለቱም ተመልሰው አረፉ። «ተራገጪ!» ይላሉ እየዘለሉ። «ተራገጪ የኔ ልጅ!» የልብ ምታቸው ነው የሚያሳስበኝ፤ ልተወው ስል «እንዳታቆሚ!» ብለው ይጮኻሉ። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ላዩ ሁሉ ታጠበ። ስንጨርስ እሳቸው ከጆንያው መውረድ አቅቷቸው በእቅፍ አወረድናቸው፤ የያዘችኝ እጃቸው ግን ትኩስ ነበረች፣ ፊታቸውም የሰርግ ቀን ፊት ነበር።

ፎቁ ተመረቀ። ዘመዶች መጡ፤ ያ የደብረ ብርሃኑ ዘመዳችንም መጥቶ፣ «ሰማይ ነው እንዴ የገነቡት?» አለ። አጎቴ ይህን ለመስማት ሲሉ ሁለት ጊዜ እንዲደግመው አደረጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አላሰበም። ፎቁ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ማዶ ይወድቃል። ያ ወገን ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ጥላ ነበር፤ ብርዱ የማይቻልበት። አሁን ፀሐይ ሆነ። መጀመሪያ የእህል ቤቷ ሴትዮ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። ቀጥለው የሰፈር አዛውንቶች መጡ። ከዚያ የሌላ ሰፈር አዛውንቶች መጡ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ከደረታቸው ገለጥ አድርገው፣ በቀን ሁለት ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጠዋት አንዷን ከሰማይ፣ ከሰዓት አንዷን ከአጎቴ።

አጎቴ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ሰው ሥራ ፈትቶ በእኔ መስታወት ይሙቅ?» ይሉ ነበር። ብርሃን ግን በር የለው፣ አይቆለፍ። አቧራው ተመልሶ መስታወቱን ሲያደበዝዘው አዛውንቶቹ ተሰብስበው ላቫጆ ድረስ መጡብኝ። ከፊት የቆሙት ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ልጄ፣ ፀሐያችን ደክማለች» አሉኝ።

እና አጠብናት። አሁን በየጊዜው እናጥባታለን፤ ማሽኗ ሌላ ሥራ የላትም። ባሌ ዘንጉን ያቀናል፣ እኔ ምላጩን እስባለሁ፣ ጆንያው ላይ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በተራ ይቀመጣሉ። ተራ ያስጠብቃሉ፤ ይጣላሉም።

አጎቴም ውለው አድረው ከነሱ ጋር ማዶ መቀመጥ ጀመሩ። ፎቃቸውን ሲያዩ የሚውሉት ከዚያ ነው፤ ብርሃኑ ሲንቀሳቀስ እሳቸውም በርጩማቸውን ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ዛሬ አታሞቅም፤ ደብዝዛለች» አሉኝ። «አታዪያትም?»

ቀና ብዬ አየሁ። መስታወቱ ንጹሕ ነው።

«ደመና ነው ጋሼ።»

አጎቴ ደመናውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌዎችም ተመለከቱት።

«ዘንጉ አይደርስም?»

«አይደርስም ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ባለሱቅ ግን፣ ከዚህ የሚረዝም የለውም እንዴ?» አሉኝ።